ባዶው መሐል

ዋናው አሠልጣኛችን ትሩንድ ፋሲካ አልፏል ብሎ ያምናል። ምን ያድርግ፣ የሱ ፋሲካ ካለፈ ወር አልፎታል። ተራራ ወጥቶ፣ በረዶ ላይ ተንሸራትቶ፣ ብርቱካኑን ልጦ በልቶ፣ ፊቱ በፀሐይ ቲማቲም መስሎ ተመልሷል። የኛ ግን ገና ነበር። የዓመቱ የመጀመሪያ ግጥሚያችን ቅዳሜ ነው ሲባል ለሱ የታየው ተራ ቅዳሜ ነው። ቀዳም ሥዑር መሆኑን የማውቀው እኔ ነበርኩ፤ ዝም አልኩ። የሐበሻ ልጆቻችን አብዛኞቹ ሁዳዴን ቢጾሙም ሽሯቸውን ጥግብ ብለው በልተው ነው፤ ሽሮ የበላ ሰውን ደግሞ ሰው ከመግፋት የሚያግደው ነገር የለም።

ግጥሚያ ስል እግር ኳስ እንዳይመስላችሁ። ይሄ አሜሪካኖቹ ዩኒቨርሲቲ ለዩኒቨርሲቲ የሚፋለሙበት፣ ራስ ቁር ደፍተው፣ ትከሻቸው ላይ ፕላስቲክ አስረው የሚገፋፉበት ጨዋታ ነው። እዚህ ኖርዌይም ተማሪዎች ይጫወቱታል፤ ተመልካቹ የተጫዋቾቹ እናትና የሴት ጓደኛ ነው። ሕጉ ቀላል ነው። አጥቂው አሥር ያርድ ለመግፋት አራት ሙከራ ይሰጠዋል። ከገፋ ሌላ አራት ይጨመርለታል፣ ካልገፋ ኳሱን ያስረክባል። የተከላካዩ ሥራ ያንን አሥር ያርድ መንሳት ነው። መንሳት ደግሞ ተፈጥሮዬ ነው፤ እናቴን ብትጠይቋት ትነግራችኋለች።

ራኬብ እባላለሁ፤ የኦስሎው የስቶቭነር ሰፈር ልጅ ነኝ። ጉልበቴ እስኪበጠስ ድረስ በሴቶቹ ቡድን ተጫውቻለሁ። ከዚያ ወዲህ የወንዶቹን የተማሪ ቡድን መከላከል አሠለጥናለሁ። በበረዶው ወራት ሁሉ፣ ጣታችን እስኪደነዝዝ፣ ልጆቹን ያሠለጠንኩት እኔ ነኝ። በግጥሚያ ቀን ግን ከእያንዳንዱ ሙከራ በፊት አሰላለፉን መርጦ በእጅ ምልክት መጥራት የዋናው አሠልጣኝ፣ የትሩንድ ሥራ ነበር። ዘንድሮ ጥሪው ለኔ ይሰጠኝ ብዬ ተሟገትኩት። ሴት ልጅ መስመር ዳር ቆማ ወንዶቹን «እንዲህ ቁሙ» ስትል አይቶ ስለማያውቅ ቅር አለው። «ቅር አላለኝም» ይላል፤ ብሎታል። በመጨረሻ እሺ አለ፤ ግን ለአንድ ግጥሚያ። ካማረ የዓመቱ ጥሪ የኔ ይሆናል፤ ካላማረ ወደ ልምምዴ እመለሳለሁ። በዚያ ብርድ ስለፋ የፈለግኩት ይሄንን ብቻ ነበር።

የመረጥኩት አሰላለፍ ሦስት-አራት ነበር። ሦስት ሰው ከፊት፣ አራት ከኋላቸው፣ የቀሩት አራቱ ከሁሉም ጀርባ ሆነው ረጅሙን ኳስ ይጠብቃሉ። ከፊት ሦስት ሰው ብቻ ማቆም የሚቻለው የመሐሉ ሰው የሁለት ሰው ጉልበት ካለው ነው። ሁለት ተጋጣሚ አንድ ላይ ሲገፉት የማይነቃነቅ ሰው ያስፈልጋል። እኛ ዓምሃ ነበረን። ዓምሃ በር ሲያልፍ ለበሩ የምታዝኑለት ዓይነት ልጅ ነው፤ ድምፁ ግን ለራሱም አይሰማም። ምሕንድስና ይማራል፣ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ልጆች ያስተምራል። ከትሮንድሄም ከተማ የሚመጡት ተጋጣሚዎቻችን ደግሞ የሚያውቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ኳሱን ለአንድ ደንዳና ሯጭ ሰጥተው መሐል ለመሐል መግፋት። መሐል ላይ ዓምሃን አቁሜ ላሳያቸው ቋምጬ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ግሩነርሎካ ሰፈር አጠገብ ባለው ሜዳችን ልብስ መቀየሪያ ውስጥ የዓምሃን እጅ በፕላስተር ልጠቀልልለት ፊቱ ተቀመጥኩ። አንጓው ላይ ቄጠማ ታስሯል፤ ከቤተ ክርስቲያን ቀጥታ መምጣቱ ነው።

«ልፍታው?» አልኩት።

«በላዩ ላይ ጠቅልዪበት» አለኝ። ድምፁ ከወትሮውም ያነሰ ነበር። ቀና ብዬ ሳየው ከንፈሩ ነጭ ሆኗል።

«ውሃ ጠጣ እንጂ፣ ምን ሆነሃል?»

«አልጠጣም፤ አክፍያለሁ።»

እጁን ለቀቅኩት። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ እህልም ውሃም በአፉ አልዞረም ማለት ነው። በዚያ ላይ ዓርብን ሙሉ ሲሰግድ ውሏል። ሌሊት ፋሲካ እስኪገባ ድረስም ጠብታ አይቀምስም።

«ሴሪዮስት? የምርህን ነው? በግጥሚያ ቀን?» አልኩት፤ ስናደድ ኖርዌጅኛው ይቀድመኛል።

ግራ ቀኙን አይቶ ወደ ጆሮዬ ዘንበል አለ። «ስለት ነው ራኪ። እማዬ ሲከሁስ ተኝታ የነበረ ጊዜ፣ ዶክተሮቹ ዓይናቸውን ከኔ ማሸሽ ሲጀምሩ፣ ካስነሳኸልኝ አከፍላለሁ ብዬ ተሳልኩ። ተነሳች። ዛሬ ልታየኝ ትመጣለች፤ እስከዛሬ ስጫወት አይታኝ አታውቅም። እንዳትነግሪያት። ለሷ ብዬ መሆኑን ከሰማች ልቧ ይሰበራል። ላንቺም የነገርኩሽ ምክንያቱን ማወቅ ስለሚገባሽ ነው።»

ምን እላለሁ? እኔ ጾመኛ አይደለሁም። ሁዳዴን ቀርቶ ዓርብን ረስቼ በርገር የበላሁበት ቀን ብዙ ነው። ተናድጄበት ነበር፤ ከሁሉ ቀን ይሄንን ቀን! ግን ልጁ እናቱን ለምኖ ተሰጥቶታል፤ የተሰጠውን ሰው ዋጋህን አትክፈል የምል እኔ ማን ነኝ? እጁን መልሼ ያዝኩና ቄጠማው ላይ ጠቀለልኩበት።

ይሄኔ ትሩንድ ገባ። የውሃ ኮዳዎቹን አንድ በአንድ ሲያድል ዓምሃ ራሱን ነቀነቀ። ትሩንድ ደግሞ ሞኝ አይደለም፤ አየውና ወደ ኮሪደሩ ጠራኝ።

«ልጁ ለምንድን ነው የማይጠጣው?»

«እየጾመ ነው። ነገ የኛ ፋሲካ ነው።»

«ውሃም?»

«ውሃም።»

«ካልጠጣ አይገባም» አለ። «ሰውነቱ እንደዚህ ደርቆ ከተጋጨ ይወድቅብኛል። ተጠያቂው እኔ ነኝ።»

እውነቱን ነው። የሚያናድደኝ ትሩንድ እውነት ሲኖረው ነው። እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ እጁን እጨብጠው ነበር። እሱ ግን ቀጠለ።

«አንቺ አነጋግሪው። የእናንተ ሰው አይደል? አንቺን ይሰማል። ውሃ ብቻ ነው እኮ፣ ትንሽ ውሃ።»

«ናይ» አልኩት።

«ናይ ማለት?»

«አላነጋግረውም። የገባውን ቃል እንዲያፈርስ የምለምነው እኔ አይደለሁም። የእናንተ ሰው ስላልከኝም ጭራሽ አይደለሁም። ሳይጠጣ ደግሞ አላስገባውም፤ እዚያ ላይ ተስማምተናል።»

ትሩንድ ጢሙን አሻሸ። «እንግዲያው ሦስት-አራትሽ አበቃላት። ወደ አራት-ሦስት እንመለሳለን። ሁለቱን ጀማሪዎች ከፊት ጨምሪና አራት አድርጊያቸው።»

ሁለቱ ጀማሪዎች ባለፈው ወር የመጡ፣ የትከሻውን መከላከያ ገልብጠው የሚለብሱ ልጆች ናቸው። ከትሮንድሄም ግዙፎች ፊት አቆማቸዋለሁ? ሊሰብሯቸው ነው! ለተጋጣሚም ደካማው በየት በኩል እንደሆነ በጣት ማሳየት ነው። ደካማ ግድግዳ ከማቆም ጭራሽ አለማቆም ይሻላል። ይሄንን በሆዴ ስል ነገሩ ራሱ ብልጭ አለልኝ።

«የዓምሃን ቦታ ክፍት እተወዋለሁ» አልኩት።

«ምን?»

«ሁለት-አምስት። ሁለት ሰው ከፊት፣ ግራና ቀኝ ሰፋ ብለው፣ መሐሉ ባዶ። አምስት ከኋላ። እነዚህ ሰዎች ክፍት መሐል አይተው አያልፉም፤ ይገባሉ። ሲገቡ ከአምስቱ አንዱ፣ ኖኤል፣ ከኋላ ተንደርድሮ ይቀበላቸዋል። ቆሞ የሚገፋ ሰው ስለሌለን ሮጦ የሚመታ ሰው እንጠቀማለን።»

ትሩንድ ሳቀ። ሳቁን አልወደድኩለትም። «መሐል ለመሐል ለሚገፋ ቡድን መሐሉን ከፍተሽ ልትጠብቂው ነው?»

«ያ፣ ያ። ከፍቼ።»

«እሺ» አለ ሳቁን ሰብስቦ። «ጥሪው ያንቺ ነው ብያለሁ፣ ቃሌን አላጥፍም። ግን በዚያ ባዶ ቦታ ሁለት ጊዜ ካስገቡብን ጥሪውን እዚያው እቀበልሻለሁ፤ ለዓመቱ።»

«እሺ» አልኩ።

ለዓምሃ ስነግረው ራስ ቁሩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ «እማዬ እኮ ትመጣለች» አለ። አውቃለሁ አልኩት።

የዓምሃ እናት እማማ እታለም ከመጀመሪያው ኳስ በፊት ደረሱ። ከከተማው ዳር፣ ከሃውገንስቱዋ፣ ያን ሁሉ መንገድ ብቻቸውን መጥተዋል። በወፍራሙ ጃኬት ላይ ነጠላ ጣል አድርገዋል፤ ሕመሙ ፊታቸውን አሳንሶታል፤ ድምፃቸውን ግን አልነካውም። ልጃቸው ወንበር ላይ መቀመጡን ሲያዩ መስመሩን ተከትለው በቀጥታ ወደኔ መጡ።

«ራኬብ፣ ዓምሃ ለምን ተቀመጠ?»

«ዛሬ ሌላ አሰላለፍ ነው እማማ።»

«ሌላው ይሰለፍ፤ እሱስ?»

«በኋላ እናወራለን፣ ይቅርታዎን» ብዬ ወደ ሜዳው ዞርኩ። ከጀርባዬ «ይቺ ልጅ!» ሲሉ ሰማኋቸው።

ሁለቱን የፊት ልጆች፣ አሮንንና አንድ ቀይ ፀጉር ያለውን ልጅ፣ ግራና ቀኝ አራርቄ አቆምኩ። መሐላቸው ላይ ታክሲ ይዞራል። የትሮንድሄም ኳስ አከፋፋይ፣ ከመሐል ቆሞ ኳሱን ተቀብሎ የሚያድለው ልጅ ማለቴ ነው፣ ቀዳዳውን አይቶ ወደ ወንበራቸው ዞረና ትከሻውን ሰበቀ። ቀልድ መስሎት ነው። ኳሱን ለሯጩ ሰጠው። ሯጩም ገባ። ኖኤል ሊቀበለው ይገባ ነበር፤ ግን ከባዶው ቦታ አፋፍ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ሯጩ እሱ ጋ እስኪደርስ በቂ ፍጥነት ስለነበረው ጥሎት አለፈ። ሁለተኛው ሙከራም እንደዚያው። ሦስተኛውም። ብዙ ሳይቆይ ሯጩ በዚያው ባዶ መሐል አድርጎ ሄዶ የመጨረሻውን መስመር ተሻገረ። ከማስጨመሪያው ምት ጋር ሰባት ለዜሮ።

ትሩንድ ከመስመሩ ወዲያኛው ጫፍ አንድ ጣቱን አነሳልኝ። አንዱ ሄደ ማለቱ ነው። እማማ እታለም ደግሞ በዚህኛው ወገን «ልጄን አስገቢውና እንይ!» እያሉ ነው። ሰው ሁሉ በሁለት ጆሮዬ እየገባ ሳለ እኔ የማየው ኖኤልን ብቻ ነበር። ፈሪ አይደለም፤ ስቶቭነር ሴንተር ፊት ለፊት ሲደባደብ አይቼው አውቃለሁ። ታዲያ ምን ያዘው? ከሜዳ ሲወጣ የማልያውን አንገት ይዤ አስቆምኩት።

«ለምን አትገባም?»

«እየገባሁ ነው» አለ።

«አልገባህም። አፋፉ ላይ ነው የምትቆመው። ለምን?»

ኖኤል ጫማውን አየ። «ቦታው የወንድም ዓምሃ ነው» አለ።

ልጮህበት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። ገባኝ። ኖኤል ፊደል የቆጠረው ቤተ ክርስቲያን ዓምሃ ፊት ተቀምጦ ነው። መዝሙር ሲቆም ዛሬም ከዓምሃ አንድ እርምጃ ወደኋላ ነው የሚቆመው። በዚያ ላይ እኔው ራሴ በልምምድ ሁሉ «የዓምሃን ቦታ እንዳትረግጥ፣ ትጋጫላችሁ» እያልኩ ስጮህበት ከርሜያለሁ። እንግዲህ ታላቁ እዚያው ቁጭ ብሎ እያየው፣ በታላቁ ቦታ ዘሎ መግባት እግሩ እንቢ አለው። ለትሩንድ ይሄንን እንዴት ብዬ ላስረዳው? አላስረዳውም። በዓለም ላይ ያለ የጨዋታ መጽሐፍ ሁሉ ቢገለጥ ይሄ አይገኝበትም።

ዓምሃን ጠራሁት። ወንበሩን ተደግፎ ነው የተነሳው፤ ዓይኑን ጨፍኖ ገለጠና መጣ። ኖኤል የነገረኝን ነገርኩት።

ዓምሃ ኖኤልን ቁልቁል አየው። «አንተ፣ ቦታ ነው እንጂ ታቦት ነው እንዴ?» አለው። «እኔ ዛሬ የለሁም። የለሁበትን ቦታ ማን ጠብቅልኝ አለህ? ግባበት። ካልገባህ ዛሬ ሌሊት ቅዳሴ ላይ ከኋላዬ እንዳትቆም።»

ኖኤል ሊስቅ ፈልጎ ሳቁ አልመጣለትም። ራስ ቁሩን አጠበቀና ሄደ።

በሚቀጥለው ጊዜ ሯጩ ወደ መሐል ሲገባ ኖኤል ከኋላ ተወርውሮ መጣ። ድምፁን ግሩነርሎካ ካፌ የተቀመጡት ሁሉ ሳይሰሙት አልቀሩም። ሯጩ በጀርባው ተዘረረና ሰማይ እያየ ትንሽ ቆየ። በሚቀጥለውም ሙከራ ደገመው። ከዚያ አንዳንዴ ኖኤልን አስቀርቼ ሌላውን ከኋላ እልክ ጀመር፣ አንዳንዴም ሁለቱን አንድ ላይ፤ በዚያ ባዶ ቦታ ማን እንደሚመጣ ከኔ በቀር የሚያውቅ የለም። የኛ አጥቂዎችም ነቅተው አሥር ነጥብ አገኙ። አሥር ለሰባት ሆንን። እኔ ደስታዬን የምደብቅ ሰው አይደለሁም፤ መስመሩ ዳር እየዘለልኩ ነበር። ዳኛው ሁለት ጊዜ ወደኋላ በይ አለኝ።

እማማ እታለም ግን አላጨበጨቡም። ለልጃቸው ውሃ ይዘውለት ሄደው «ጠጣ እንጂ» ሲሉት፣ «ስገባ እጠጣለሁ» ሲላቸው አየሁ። እንደማይገባ እያወቀ። ኮዳውን ይዘው አጠገቡ ቆመው ቀሩ።

መጨረሻው ላይ ትሮንድሄሞች ረጅም ኳስ ወርውረው ተሳካላቸውና የኛ መስመር ደጃፍ ደረሱ። ሦስቱን ሙከራ ጨርሰዋል፤ አራተኛው ቀርቷቸዋል። ለመግባት ሁለት ያርድ፣ ከዚያ ወዲያ ሰዓቱ ያልቃል። ከገቡ ያሸንፋሉ። በመሐል ከገቡ ደግሞ ሁለተኛቸው ነው፤ ጥሪዬ ሄደ። ትሩንድ ሰዓት ጠይቆ ጨዋታውን አስቆመና እየሮጠ መጣ።

«ዓምሃን አስገቢ» አለ።

የምሰማውን አላመንኩም። «ካልጠጣ አይገባም ያልከው አንተ ነህ።»

«አንድ ሙከራ ነው! አንድ ጊዜ ቆሞ መግፋት ነው። በአንድ ጊዜ ምንም አይሆንም።»

ዓምሃ ሰምቶ ነበር። ራስ ቁሩን ደፍቶ አጠገቤ ቆሟል። «ራኪ» አለኝ፣ «አንድ ጊዜ ብቻ። እማዬ እያየች ነው። አንድ ጊዜ መሐል ላይ ቆሜ ትየኝ።»

ፈለግኩ፤ ለምን እዋሻለሁ! ዓምሃ እዚያ ሁለት ያርድ ላይ ቢቆም ማንም አያልፈውም። ጥሪው የኔ ይሆናል፤ እናቱም ያዩታል፤ ትሩንድም አፉን ይዘጋል። ሁሉም ሰው የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ እኔም ከሁሉም ብሼ እፈልገው ነበር። ከዚያ ዓምሃ የአገጩን ማሰሪያ ሊቆልፍ ሞከረ። ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት። ሳተው፤ እንደገና ሳተው። ያ የማይነቃነቀው ሰው ቁልፍ መቆለፍ አቃተው።

«ቁጭ በል» አልኩት።

«ራኪ...»

«ቁጭ በል አልኩህ! » ወደ ጆሮው ተጠጋሁ። «ስለትህን ሜዳ ላይ ወድቀህ አትጨርሳትም። እናትህ ሲከሁስ የሚሄዱበት ተራ አልፏል፤ ዛሬ ያንተን አንጀምርም።» ወደ ትሩንድ ዞርኩ። «ጥሪው እስካሁን የኔ ነው። ሁለት-አምስት፣ መሐሉ ባዶ።»

«እብድ ነሽ» አለ ትሩንድ።

«ያ» አልኩት።

እጄን ወደ ኖኤል ዘርግቼ ምልክቱን ሰጠሁ። አሮንና ባለ ቀይ ፀጉሩ ግራና ቀኝ ሄዱ። መሐሉ እንደገና ተከፈተ። ሁለት ያርድ ብቻ፣ ፊት ለፊት፣ ማንም ያልቆመበት። ከጀርባዬ እማማ እታለም «ዓምሃን! ዓምሃን!» እያሉ ይጮኻሉ፤ አጠገባቸው ያሉት የፈረንጅ እናቶች ትርጉሙን ሳያውቁ አብረው መጮህ ጀመሩ። እኔ ወደኋላ አልዞርኩም።

ኳስ አከፋፋዩ ባዶውን ቦታ አየ። ኖኤልን አየ። ኖኤል እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዝም ብሎ ቆሟል። ልጁ እንደገና ባዶውን ቦታ አየ። ቀኑን ሙሉ በዚያ የገባውን ሯጭ ከመሬት ሲያነሳ ውሏል። እዚያ ውስጥ ማን እንዳለ አያውቅም። ማንም አልነበረም፤ ባዶውን ይፈሩታል ብዬ ያን ጊዜ ኖኤልን እንዳይገባ በምልክቱ ነግሬው ነበር። ቀጥ ብለው ቢመጡ ያለቀልን ነበርን። ልጁ ግን ዞር ብሎ ጮኸ፤ የተባባሉትን ትተው ሌላ ሊያደርጉ ነው። ኳሱን ይዞ ራሱ ወደ ዳር ሮጠ። ዳር ላይ አሮን ነበር። ባለ ቀይ ፀጉሩም ደረሰ። ሦስቱም ተያይዘው መስመሩ ሳይደርሱ ወደቁ። ክፍቱን በር ፈርተው ግድግዳውን መረጡ።

የኛ ልጆች እየጮኹ ወደ ሜዳው ፈሰሱ። ትሩንድ ቆይቶ መጣና «ሄልዲግ ነሽ» አለኝ።

«ዕድል የሚባል ነገር አላየሁም» አልኩት። «የሚቀጥለው ቅዳሜ ጥሪ የማን ነው?»

ሜዳውን አየ፣ ጫማውን አየ። «ያንቺ» አለ። እጁን ዘረጋልኝ፤ ጨበጥኩት። ጠበቅ አድርጌ ነው የጨበጥኩት፤ ትንሽ ያመው ብዬ።

ደስታዬን ይዤ ስዞር እማማ እታለም ፊቴ ቆመዋል። ዓምሃ ከኋላቸው ነው።

«አሸነፋችሁ» አሉ።

«አዎ እማማ።»

«ያለ ልጄ።»

ወደ ዓምሃ አየሁ።

«እዚያ ሲከሁስ ተኝቼ ሳለሁ» አሉ፣ ድምፃቸው ያን ጊዜ ዝቅ አለ፣ «ሌሊት ሌሊት አንድ ነገር ብቻ ነበር የምለምነው። ብዙ አልለመንኩም። አንዴ ልጄን ያንን ባርኔጣውን አድርጎ፣ ሰው መሐል ቆሞ ልየው፤ ከዚያ ደስ እንዳለህ አድርገኝ ነበር የምለው። ተነሳሁ፤ መጣሁም። አንቺ አስቀመጥሽው። ለምን? ምን አደረገሽ?»

ከትከሻቸው በላይ ዓምሃ አፉን ሊከፍት ሲል አየሁ። ዓይኔን አፍጥጬ መለስኩት። ለዚህ ነው እንዴ ያን ያህል ጥም የቻለው? አሁን ተናግሮ በእናቱ እንባ ሊያጥበው?

«አሰላለፉ እሱን አልፈለገም» አልኩ። «የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሌላ ምክንያት የለውም።»

«ልብ የለሽም» አሉኝ። «አሸናፊ ልትሆኚ ትችያለሽ፤ ልብ ግን የለሽም።»

«የሚቀጥለው ቅዳሜ ይምጡ እማማ። መሐል ላይ ይቆማል።»

«አልመጣም» አሉ።

የልጃቸውን ክንድ ያዙና ወደ ጣቢያው መንገድ ጀመሩ። ያ ግዙፍ ልጅ በእነዚያ ከአልጋ በተነሱ ደቃቃ እናቱ ላይ ተደግፎ ነው የሚሄደው። እሳቸው ከሐዘኑ የተነሳ መስሏቸዋል፤ ጀርባውን ይደባብሱለታል፣ በኔ እያማረሩ ያጽናኑታል። ሮጬ ደርሼ እውነቱን ብነግራቸው እዚያው ያቅፉኝ ነበር። አልሄድኩም፤ ይቅርታም አልጠየቅኩም።